ደረጃ የለንም

ሰው ምሳ ሊበላ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስበው ሥጋውን ነው፤ ቀጥሎ ዋጋውን፤ መኪና ካለው ደግሞ ማቆሚያውን። የኛ ማኅበር ግን ምግብ ቤት የሚመርጠው መግቢያው ላይ ባሉት ደረጃዎች ብዛት ነው። ከመካከላችን አንዱ በዊልቼር የሚሄድ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ሌላው ዓይነ ስውር ጠበቃ። የመጀመሪያውን «መሐንዲሱ» እንለዋለን፤ ሁለተኛውን «ዳኛው»። ዳኛው በሕይወቱ ዳኛ ሆኖ አያውቅም፤ ማዕረጉን ያገኘው ማንም ያላቀረበለትን ክርክር ሁሉ ሰምቶ ስለሚፈርድ ነው። እኔ በማኅበሩ ውስጥ ያለኝ ሥልጣን ዊልቼሩን አጣጥፎ መኪና ውስጥ መክተትና ለዳኛው ክርኔን መስጠት ነው። በምላሹ ሁለቱም ያለ ምንም ርኅራኄ ያበሽቁኛል።

መሐንዲሱ ከመውጣታችን በፊት ይደውላል።

«ሄሎ፣ ለምሳ ልንመጣ ነበር። መግቢያችሁ ላይ ደረጃ አለ?»

«ኧረ የለም ጌታዬ! ይምጡ።»

«ምንም?»

«ምንም የለም ስልዎ!»

እንሄዳለን። ሦስት ደረጃ አፍጥጦ ይጠብቀናል። «ደረጃ የለም አላላችሁም እንዴ?» ሲባል ጥበቃው ዝቅ ብሎ ሦስቱንም በየተራ ያያቸዋል፤ በዚያ በር ስንት ዓመት ቆሞ ገና ዛሬ መተዋወቁ ነው። ከዚያ ቀና ይልና፣ «እቺ ደግሞ ደረጃ ትባላለች?» ይላል። ሰውየው አልዋሸም። ሁለት እግር ላለው ሰው ደረጃ ማለት ሊፍት ሲበላሽ የሚያስለከልከው ነው፤ ሦስቷን ሳያያት ነው የሚዘላት።

ስለዚህ መሐንዲሱ ጥያቄውን ለወጠው። አሁን ሲደውል ስለ ደረጃ ትንፍሽ አይልም። «የድራፍት በርሜል በየት በኩል ነው የምታስገቡት?» ብሎ ይጠይቃል። ይኼኔ መልሱ ትክክለኛና ዝርዝር ይሆናል፦ በኋላ በር፣ በጓዳ በኩል፣ ጣውላ አለ፣ ሜዳ ነው። በርሜል ደረጃ እንደማይወጣ የማያውቅ የምግብ ቤት ባለቤት እስካሁን አልገጠመንም። እኛም ከበርሜሉ ጋር በጓዳ በር ገብተን፣ ሽንኩርት የሚከትፉትን ሴቶች «እንዴት ዋላችሁ» ብለን፣ የወጥ ቤቱን ንጽሕና በዓይናችን መርምረን ወደ ሳሎን እንወጣለን። ሁለት ጊዜ ያህል ወጥ ቤቱን ካየን በኋላ ሳንቀመጥ ወጥተናል። ይህ ለሌላው ደንበኛ ያልተሰጠ ዕድል ነው።

የሚመች ቤት የሚጠቁም መጽሐፍ ፍለጋም ሞክረን ነበር። የትነበርሽ ንጉሤን ብዙ ሰው ያውቃታል፤ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች። ዳኛው ስሟን ሲጠራ ባርኔጣውን ከፍ ያደርጋል። እሷ ከመሠረቱት አንዷ የሆነችበት የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከል፣ ከአዲስ አበባ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የትኛው ለአካል ጉዳተኛ እንደሚመች የሚጠቁም መመሪያ አሳትሞ ነበር። ችግሩ ከተማችን ከመጽሐፍ ትፈጥናለች። መመሪያው ላይ ያለው ቤት ስትደርሱበት ወይ ባንክ ሆኗል፣ ወይ ፈርሷል፣ ወይ ባለቤቱ ሳሎኑን ወደ ላይኛው ፎቅ አዛውሮ ምድር ቤቱን ለሞባይል መሸጫ አከራይቶታል።

ጓዳ በር የሌለው ቤት ሲገጥመን ደግሞ ሁለተኛው ታሪክ ይጀመራል። የሚጀመረውም «ችግር የለም፣ እናነሳዋለን!» በሚለው ቃል ነው።

ይህ ቃል ከመቼው እንደሚዛመት! ጥበቃው ዱላውን ያስቀምጣል። መኪና የሚያስቆመው ልጅ ይሮጣል። አስተናጋጁ ትሪውን የማያውቀው ሰው ላይ ይጥላል። አንድ ደንበኛ ቁርጡን ትቶ፣ አዋዜ የነካ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ በግራው ሊያግዝ ይመጣል። ዊልቼር የሚያዘው ከቋሚ ብረቱ ነው፤ የክንድ ማስደገፊያው ተነቃይ ነው፣ ስትስቡት እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ጎማው ደግሞ ይሽከረከራል። አራቱ ሰዎች ግን ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ ሁለቱ ማስደገፊያውን ሁለቱ ጎማውን ነው የሚይዙት። መሐንዲሱ ከላይ ሆኖ የሥራ መመሪያ ይሰጣል፤ ሙያውም ስለሆነ ድምፁ ያዝዛል። «በሦስት ነው የምታነሱት! አንድ፣ ሁለት...» ሁለት ላይ አንዱ ያነሳል። «በስመ አብ!» የምትል ሴትዮ ከውስጥ አትጠፋም። ሳሎኑ በሙሉ ጉርሻውን ይዞ ዝም ይላል። መሐንዲሱ 85 ኪሎ ነው፤ ከነወንበሩ አንድ ኩንታል ይደፍናል። ኩንታሉ ሲያርፍ አንደኛው ላቡን እየጠረገ «እግዜር ይማርህ ወንድሜ» ይለዋል። መሐንዲሱ የመጣው ጥብስ ሊበላ ነበር።

ደግነቱን አልክድም። በየትኛውም ሌላ የዓለም ከተማ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች በአስር ሰከንድ ውስጥ ተሰብስበው አንድን ሰው ከነወንበሩ የሚያነሱ አይመስለኝም። ነገሩ ግን መሐንዲሱ አራት ሰው የሚያስፈልገው ሲገባ ብቻ አይደለም። ሲወጣም ነው። ስልክ ሊያናግር ሲፈልግም ነው። እኛ «መጣሁ፣ ሲጋራ ላጭስ» ብለን ብድግ እንደምንለው እሱ ብድግ ቢል አራት ሰው ሥራ ይፈታል። ስለዚህ አይወጣም። ወደደም ጠላም የመጨረሻውን ድራፍት እስክንጨርስ ቁጭ ብሎ የኛን ወሬ ይሰማል፤ ይህን ቅጣት ደግሞ ለጠላቴም አልመኘው።

ሒሳቡን አንድ ቀን ሠርቶ አሳየኝ። ራምፕ በደንቡ ከፍታው አንድ ሲሆን ርዝመቱ አሥራ ሁለት ነው። አንድ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 1 ሜትር ከ80 የሚሆን ራምፕ ይበቃዋል፤ አንድ ሜትር ስፋት እንስጠው። ለዚህች ሥራ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ትንሽ አሸዋና ጠጠር፣ የግማሽ ቀን ግንበኛ። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። «እንግዲህ አስላው» አለኝ፤ «ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ከማውረድና አንድ ኩንታል መሐንዲስ በየሳምንቱ ከማንሳት የቱ ይቀላል?»

ሕግ የለም እንዳትሉ። ዳኛው ሁለተኛው ድራፍት ላይ ሲደርስ በቃሉ ይወርደዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36፣ ማናቸውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ ዊልቼር የሚጠቀመውንም፣ እየሄደ ደረጃ መውጣት የሚያቅተውንም ለይቶ ጠቅሶ። መጸዳጃ ቤቱንም አልረሳም። በ2002 ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ዳኛው ይህን ሲል ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ አስተናጋጁ የተጠራ መስሎት ይመጣል።

አዋጁም ቢሆን ፍሬ አላፈራም አይባልም። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ራምፕ አላቸው። አንዱ ጋ አራት ደረጃ፣ 60 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው፣ በሁለት ሜትር ራምፕ ሊጨርሱት ሞክረዋል፤ በደንቡ ከሰባት ሜትር በላይ ይፈልግ ነበር። መሐንዲሱ ከኪሱ ሜትር አያጣምና ለካውና፣ «ይሄ ለመውጣት አይሆንም፤ ለመውረድ ግን ሆስፒታሉ ከወዴት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው» አለ። ሌላው ቤት ራምፑ ልክ ነው፤ አናቱ ላይ ግን ሁለት ትልልቅ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል፣ ግቢው ደስ እንዲል። ሌላው ጋ ሊስትሮው ሰፍሮበታል።

የምወደው ግን ጀበና ቡና የሰፈረበትን ነው። ራምፑ ደልዳላ፣ ጥላ ያለው፣ መግቢያው አጠገብ። ይህን የመሰለ ቦታ የቡና ነጋዴ ዓይን ያልፈዋል? ልጅቱ ቄጤማዋን ጎዝጉዛ፣ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ዕጣኗን አጭሳ፣ ዙሪያውን ዱካ ደርድራ ተቀምጣለች። መሐንዲሱ ደርሶ ከታች ቆመ። እሷ ደነገጠች፣ «ውይ ጋሼ፣ አሁኑኑ ላንሳላችሁ» ብላ ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። የፈላ ጀበና፣ የተቀዳ ሲኒ፣ አምስት ደንበኛ፤ ማን ጨክኖ ያስነሳታል? እዚያው ግርጌው ላይ ሆነን ምሳ ሳንበላ ቡና ጠጣን፣ እስከ ሦስተኛው። መሐንዲሱ ሦስተኛውን ሲጨርስ፣ «ቢያንስ ይሄ ራምፕ ለአንድ ሰው እንጀራ ሆኗል» አለ። ቄጤማውን ግን በክራንች የምትሄድ ጓደኛችን አትወደውም። እርጥብ ቄጤማ በሴራሚክ ላይ፣ የክራንች ጎማ በቄጤማው ላይ፤ ስለ ቀሪው መናገር አልፈልግም። ዓመት በዓል ሲደርስ እሷ ቤቷ ነው የምትውለው።

በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቦታ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ተስተካክሏል። ድሮ መሐንዲሱ በአስፓልቱ ዳር ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ነበር የሚሄደው፤ ወያላው «ጎማ ያለህ ሁሉ ታርጋ አውጣ» ብሎት ያውቃል። ዛሬ ሰፈሮቹ ላይ እንደ ልቡ ይንከባለላል፤ እኔ ነኝ ከኋላ የማለከልከው። መንገዱ እስከ በሩ ያደርሰናል። ከበሩ ወዲያ የባለቤቱ ግዛት ነው።

በእርግጥ ምንም ችግር የሌለባቸው ቤቶች አሉ። ትልልቆቹ ሆቴሎች በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ሊፍቱ ሰፊ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ዊልቼር ዞሮ ይወጣል፤ ለዚያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ቤቱ ይደረሳል፤ የማይደረሰው ዋጋው ነው። እዚያ የጠጣነው ሁለት ማኪያቶ ያስከፈለን በሠፈራችን ሽሮ ተጋቢኖ ከነአምቦ ውኃው ያበላናል። በዚያ ላይ ማኪያቶውን ስንጠጣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፤ ዳኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኖር አይችልም።

መጸዳጃ ቤቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰው ስለማይናገረው ልናገረው። መሐንዲሱ ምሳ ባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይጠጣም። ለምን ቢሉ የምግብ ቤቶቹ የመጸዳጃ በር ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሱ ወንበር ከዚያ ይሰፋል። በሩ ላይ የዊልቼር ምልክት የተለጠፈበት ስናገኝ ደስ ይለንና እንከፍተዋለን፤ መወልወያ፣ ባልዲ፣ የለስላሳ ሳጥን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለፈው ዓመት የገና ዛፍ ከነመብራቱ። ድራፍት የሚጠጣው እኛን ላለማስከፋት አንዱን ብርጭቆ ሦስት ሰዓት ይዞ ነው። «ቆጣቢ ነህ» እያልኩ ለረጅም ጊዜ ቀለድኩበት፤ እሱም አብሮኝ ይስቅ ነበር።

ወደ ዳኛው ልሻገር።

ዳኛውን ደረጃ አይገደውም። ነጭ በትሩን ይዞ አራት ፎቅ ከኔ ቀድሞ ይወጣል። የሱ ጠላት አስተናጋጅ ነው። ሰውየው የሃምሳ ምናምን ዓመት ጎልማሳ፣ ስንቱን ዓቃቤ ሕግ ያንቀጠቀጠ ጠበቃ፤ አስተናጋጇ መጥታ እኔን ታያለች። «ለሳቸው ምን ይምጣላቸው?»

ዳኛው ለኔ፣ «ንገራት፤ ሳቸው ክትፎ ይፈልጋሉ፣ ለብ ለብ። ደግሞ ጆሯቸው ደህና ነው በላት» ይላል። ልጅቷ አልገባትም። «ለብ ለብ ይበሉ?» ትለኛለች፣ አሁንም እኔን።

ቁርጥ ቤት ሄደን ደግሞ ለሁላችን ቢላዋ ቀረበ፤ ለዳኛው ሲቀር። ባለሥጋው ራሱ መጥቶ «ለአባቴ እኔ እቆርጥላቸዋለሁ» አለ፣ ከልቡ። ዳኛው እጁን ዘረጋ። «ልጄ፣ እኔ የምፈራው ለጥርሴ ነው እንጂ ለጣቴ አይደለም፤ ቢላዋውን ወዲህ በለው።» ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሥጋውን ትቶ የሱን ቢላዋ ሲከታተል ዋለ። የተቆረጠው ጣት የኔ ነበር፤ እሱን ሳይ።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ትሪው። ለዓይነ ስውር ሳህን በሰዓት ቆጣሪ ይገለጽለታል፦ ሥጋው ስድስት ላይ፣ ድንቹ ሦስት ላይ እየተባለ። ብልህ ዘዴ ነው፤ ፈረንጅ የሠራው ግን አንድ ዓይነት ሰዓት ብቻ ባለበት አገር ነው። ረቡዕ ቀን በየዓይነቱ ቀርቦ እኔም ያነበብኩትን ልሞክር ብዬ፣ «ዳኛው፣ ምስር ወጡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አልኩት። የሱ የእጅ ሰዓት ክዳኑ ተከፍቶ በጣት የሚነበብ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ በፈረንጅ። ለሱ ትንሹ ቆጣሪ በስተቀኝ ሦስት ቁጥር ላይ ሲሆን ነው ዘጠኝ ሰዓት የሚሆነው፤ እኔ ያልኩት በስተግራ ያለውን የዘጠኝ ቁጥር ነው። እንጀራውን ቆርሶ በልበ ሙሉነት ወደ ቀኝ ወረደ። በቀኝ በኩል ያለው ሚጥሚጣ ነበር። እንባውን እየጠረገ፣ «በማን አቆጣጠር ነው የነገርከኝ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ትተን በሰው ሆኗል፤ ምስሩ በኔ በኩል፣ ጎመኑ በመሐንዲሱ በኩል።

ጉርሻም ቢሆን ደንብ ወጥቶለታል። የማያይ ሰው አፍ ላይ ሳያሳውቁ ጉርሻ ይዞ መድረስ አደጋ ነው፤ በክርክሩ መሐል ገብቶ አንድ ጊዜ ሊያንቀው ነበር። አሁን «ጉርሻ ቀርቧል» ይባላል፣ እሱም «ይግባ» ይላል።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ይዤ ስዞር አንድ ነገር ታየኝ። የድሮው አስተናጋጅ ጠረጴዛው አጠገብ ይቆምና በአንድ ትንፋሽ «ጥብስ አለ፣ ክትፎ አለ፣ ዱለት አለ፣ ጎረድ ጎረድ አለ፣ ምላስ ሰንበር አልቋል» ብሎ ይወርደዋል። ለዳኛው ከዚህ የተሻለ ሜኑ አልተፈጠረም። ዛሬ ዘመናዊው ቤት ጠረጴዛው ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፎ ይሄዳል። ዳኛው ስልኩ ጽሑፍ ያነብለታል፤ ኮዱን በኔ እርዳታ አግኝቶ ሲከፍተው ግን ሜኑው ጽሑፍ አይደለም፣ ፎቶ ነው። ስልኩ «ምስል» ይላል። ሁለተኛው ገጽ፣ «ምስል»። ዳኛው አስተናጋጁን ጠርቶ «አንድ ምስል፣ ከነአዋዜው» ብሎ ያዝዛል።

እጅ መታጠቡም እንዲሁ። እኛ ስናድግ አንዱ ማስታጠቢያና ሳሙና ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ እያንዳንዱ ሰው ይመጣ ነበር፤ ሽማግሌውም፣ ሕፃኑም፣ በሽተኛውም ከተቀመጠበት ይታጠባል። ይህን «ኋላ ቀር» ብለን ተውነው። አሁን ሰው ነው ወደ ውኃው የሚሄደው፤ ወንበር ለወንበር ተሹለክልኮ፣ ሁለት ደረጃ ወርዶ፣ ሲንኩ ጋ ሲደርስ ሥሩ በቁም ሳጥን ተዘግቶ ጉልበት አያስገባም፤ መስታወቱም መሐንዲሱን ከግንባሩ በላይ ብቻ ያሳየዋል። «ራሰ በራነቴን ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?» አለ። መሶቡም ራሱ ወደ ሰው የሚመጣ ገበታ ነበር፤ እንደ ሰዉ አቀማመጥ ይጠጋል ይርቃል። አሁን ወለሉ ላይ የተተከለ ረጅም ጠረጴዛና ፌንጣ የመሰለ ባለ ረጅም እግር ወንበር ፋሽን ሆኗል፤ መሐንዲሱ አገጩን ጠርዙ ላይ አስደግፎ ምግቡን በዓይን ደረጃ ያየዋል። ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር የምል ሰው አይደለሁም፤ ድሮማ እንደሱ ያለውን ሰው ከነጭራሹ ከቤት የሚያወጣው አልነበረም። ማስታጠቢያውን ብቻ ነው የናፈቅሁት።

ደግሞ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም። ለዳኛው የሚጥመው የቃል ሜኑ መስማት ለተሳነው ሰው የአፍ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ጽሑፉን ነው። መስማት የተሳናቸውን ወጣቶች ብዙ ጊዜ የማያቸው ሙዚቃው የሰማይ መጋረጃ በሚቀድበት ቤት ነው። እኛ «ምን አልክ?» እየተባባልን ስንጯጯህ እነሱ በምልክት ቋንቋ ዘና ብለው ያወጋሉ። የሚቸገሩት እጃቸው ወጥ ሲነካ ነው። አንዱ በግራ እጁ ብቻ እያወራ በቀኙ ይጎርስ ነበር፤ ወሬው ሲጥመው ግን ቀኙንም ጨመረበትና አዋዜው የኔ ሸሚዝ ላይ አረፈ። ነገሩ ምን እንደነበር ባላውቅም ጥሩ ወሬ እንደነበር ከሸሚዜ ላይ ማንበብ ይቻላል።

አንድ ምሽት አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ ያለው ቤት ተገኘ ተባልን፤ ሊፍት አለው። ወጣን። እነዚያ ወጣቶችም ከጎናችን ነበሩ። አንድ ሰዓት እንዳለፈ መብራት ጠፋ። በዚያች ቅጽበት የወጣቶቹ ወሬ በመሐል ተቆረጠ፤ የማይታይ እጅ አይሰማም። ሊፍቱ ቆመ። እኛ ሁላችን ስልክ ፍለጋ ተደናበርን። ዳኛው ብቻ ስለ ይግባኝ ጊዜ የጀመረውን ሳያቋርጥ ቀጠለ፣ ክትፎውንም እንዲሁ፤ ቆይቶ «ምነው ጸጥ አላችሁ?» አለን። መሐንዲሱ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ፊቱ በራ። ፍሪጁ ሠራ፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ የበረንዳው ጌጥ መብራት ቦግ አለ። ሊፍቱ ግን እንደቆመ ነው። ጄኔሬተሩ እሱን አያነሳም አሉን። «እናወርደዋለን» የሚለውን ድምፅ ከደረጃው ወዲያ ስንሰማ መሐንዲሱ፣ «የለም፤ ሌላ ድራፍት አምጡልኝ» አለ። እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት እዚያ ነበርን።

ሌላ አገርስ እንዴት ነው ብትሉ፣ ዳኛው ዋሽንግተን አጠገብ ያለ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አለ፤ ምግብ ቤትንም ይገዛል። ግን እንደሚወራው ሁሉም ነገር ሜዳ አይደለም። በዩ ጎዳና አካባቢ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ ጥንታዊ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ሕጉ ነባር ሕንፃን የሚያስገድደው በቀላሉ ሊነሳ የሚችለውን እንቅፋት እንዲያነሳ ነው፤ እናም የብረት ደረጃው እንዳለ የቀረበት አለ። ዳኛውን የገረመው ሌላ ነው። ዶሮ ወጥ እየበሉ ሳለ አንድ አሜሪካዊ ዓይነ ስውር መሪ ውሻውን ይዞ ገባ። አጠገባቸው የነበሩ እናት «ኧረ በእመቤቴ! ውሻ ከገበታ!» ብለው ብድግ አሉ። ባለቤቱ መጥቶ ለመናቸው። ሕጉ ውሻውን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም፤ መጠየቅ የሚችለውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው ለአካል ጉዳቱ የሚያስፈልግ ነው ወይ፣ ምንስ ሥራ ሠልጥኗል። ውሻው ጠረጴዛው ሥር ተጋደመ፣ ዶሮ ወጡን ዞር ብሎም አላየው። እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ካጤኑት በኋላ፣ «ከባሌ ይሻላል፤ ጾም የያዘ ነው የሚመስለው» ብለው ተቀመጡ።

«አንተም አንድ አምጣ» ብለን ብንገፋፋው ዳኛው እምቢ አለ። የአዲስ አበባን የሠፈር ውሾች ያውቃቸዋል። ያ ሠልጥኖ የመጣ ጨዋ ውሻ ከእነሱ ጋር ገና ሌሊቱን ሳያነጋ አመሉ ይጠፋል፣ ከዚያ ማን ማንን ይመራል?

የሒሳብ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሒሳብ ሁልጊዜ የሚቀርበው ለኔ ነው። ከሦስታችን ደኻው እኔ ነኝ፤ አስተናጋጅ ግን ከቁመና ይነሳል። መሐንዲሱ ለዚህ መድኃኒት አግኝቷል፤ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ በቴሌብር ይከፍልና እኛ ኪሳችንን ስንዳብስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባለፈው ግን እሱም ተቀደመ። «ሒሳቡ ተከፍሏል» አለን አስተናጋጁ፤ «ያ ሰውዬ ናቸው፣ ለጽድቅ።» ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ወፍራም ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ በትሕትና እጅ ነሳን። ይህ አዲስ አይደለም። መሐንዲሱ በር ላይ መኪና ሲጠብቅ ጭኑ ላይ አሥር ብር የጣሉለት ሴት አሉ፤ እሱም «መልስ የለዎትም» ብሎ ተቀብሏቸዋል። ዛሬ ግን ግማሽ ኪሎ ጥብስና ድራፍት በልቶ ምጽዋት መቀበል ከበደው።

አስተናጋጁን ጠራ። «ሰውየው ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ቁርጥ።»

«አንድ ኪሎ ጨምርላቸው። ለጽድቅ ነው በላቸው።»

ቁርጡ ሲደርስ ሰውየው ተቆጣ፣ ተነሳ፣ መጣ። «ምነው ወንድሜ፣ እኔ ለነፍሴ ነው ያደረግሁት!» መሐንዲሱም፣ «ነፍስ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ?» አለው። ጭቅጭቁ ጦፈ፤ ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ቁርጡም ተከትሎት መጣና መከራከሪያው መሐል ላይ ቆመ። የጥብሱን እሱ ከፍሏል፣ የቁርጡን መሐንዲሱ፣ የድራፍቱን ሁለቱም «እኔ ነኝ» ይላሉ። በመጨረሻ ወደ ዳኛው ዞሩ። ዳኛው ቢላዋውን አስቀመጠ፣ አፉን ጠረገ፣ ሁለቱንም አንድ በአንድ አዳመጠ፤ ቁርጡንም እግረ መንገዱን ቀመሰው።

«ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ» ብሎ ፈረደ። የራሱን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ውሳኔው ላይ አልተጠቀሰም።